ዚፑ ያልመጣለት ሱሪ፦ ወረርሽኝ ፋብሪካን በየት በኩል ይይዛል?

በ2018 ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጂንካ ውስጥ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር አካባቢ ሻይና አምባሻ ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ነበር። ጠዋት ነው፤ 1 ሰዓት አልሞላም። ልጃገረዶቹ ከሰርቪስ እየወረዱ በሩጫ ይገባሉ። ሻጯ ስኳሩን እያማሰሉ የጠየቁኝ ስለ ትኩሳቱ ወይም ስለ መድማቱ አልነበረም። «ለመሆኑ ጨርቅ ይገባል ወይስ ሊቆም ነው?» አሉኝ።

ለእንግዳ ሰው ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ነው። ጂንካ ያለን ቫይረስ ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ጨርቅ ጋር ምን አገናኘው? እትዬ ግን የ2012ቱን ኮሮና አልረሱም። ያኔ እሳቸው በሚያውቁት ሰፈር አንድም ሰው ሳይታመም የሻይ ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበር። ማርበርጉ እንደተፈራው ሳይዛመት ቀርቶ ጥር ላይ ማብቃቱ ታወጀ፤ ጨርቁም አልቆመም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ሰነበተ። ስለ ወረርሽኝና ስለ ፋብሪካ ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ሠራተኛ ታሞ ማሽን ሲቆም ነው። ሐዋሳ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሽታው ራሱ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ነገሩን ከቀኑ እንጀምር። የቻይናዋ ውሃን ከተማ የተዘጋችው ጥር 14 ቀን 2012 ነው፤ እኛ ጥምቀትን አክብረን ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላን። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያሉት ሰባት ሳምንታት ለሕዝቡ የዜና ጊዜ ነበሩ። ለፋብሪካ ዕቃ ግዥ ክፍል ግን ያኔውኑ የጭንቅ ጊዜ ሆነዋል።

የሐዋሳው ፓርክ በ9 ወር ተገንብቶ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ የታሰበው ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ነው። 52 ሼዶች አሉት፤ ሲሞላ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ ከወረርሽኙ በፊት 25,000 አካባቢ ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሥራው በአመዛኙ ቆረጣና ስፌት ነው። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል፤ እዚህ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶና ታሽጎ በጅቡቲ በኩል ተመልሶ ይወጣል። በሌላ አነጋገር ሐዋሳ የሚሸጠው እጅ ነው።

አንድ ሱሪ ላይ ምን አለ? ዋናው ጨርቅ፣ የኪስ ገበር፣ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ የወገብ ማጠንከሪያ፣ የውስጥ ምልክት፣ የዋጋ ወረቀት፣ ማሸጊያ ፕላስቲክ፣ ካርቶን። ከነዚህ አንዷ ብትጎድል ሱሪው የለም ማለት ነው። ወጥ ቢሆን ቅመም ቢጎድለውም ይበላል፤ ዚፕ የሌለው ሱሪ ግን በካርቶን ተሞልቶ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይጫንም። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ስፌቱ ተከፍሎበታል፣ ገንዘቡ ግን ዚፑን ይጠብቃል።

«መርካቶ ዚፕ ሞልቶ!» የሚል አይጠፋም። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ተስቆብኛል። ገዢው ኩባንያ የሚፈልገውን ዚፕ ከነሠሪው ስም፣ ከነቀለሙ ቁጥር፣ ከነመጎተቻው ቅርጽ ጽፎ ነው የሚሰጠው። ጨርቁንም ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው እሱ ነው። ሁሉም በላብራቶሪ ተፈትኖ፣ ናሙናው ተፈርሞበት ነው ምርት የሚጀመረው። ለሌላ ዚፕ ፈቃድ መጠየቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቢፈቀድ እንኳ አዲሱ አቅራቢ የሚገኘው እዚያው ቻይና ሊሆን ይችላል። አማራጭ ሳይጠፋ አማራጭ የለም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በየካቲት የነበረው ችግር ይሄ ነው፦ ገዢ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ መብራት አለ፣ ዕቃ የለም። ታዲያ ወር ሳይቆይ ተገለበጠ። ቻይና ፋብሪካዎቿን ከፍታ ዕቃ መላክ ስትጀምር አውሮፓና አሜሪካ የልብስ መደብሮቻቸውን ዘጉ። አሁን ዕቃው መጣ፣ ገዢው ጠፋ። ሁለቱ ድንጋጤዎች ተከታትለው መምጣታቸው ነው ነገሩን የከፋ ያደረገው፤ በየካቲት የዘገየ ትዕዛዝ በመጋቢት «ዘግይቷል» ተብሎ ለመሰረዝ ምቹ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ እንብርት የአከፋፈሉ ሥርዓት ነውና። የልብስ ንግድ እንደ ሰፈር ልብስ ሰፊ ቀብድ ተቀብሎ አይጀምርም። ፋብሪካው ጨርቁን በራሱ ብድር ወይም በዱቤ ይገዛል፤ ደመወዝ ይከፍላል፤ ሰፍቶ ይጭናል። ገዢው የሚከፍለው ዕቃው ከተጫነ ከ60 ወይም ከ90 ቀን በኋላ ነው። ከጨርቁ ግዥ ጀምሮ ከተቆጠረ የፋብሪካው ገንዘብ ግማሽ ዓመት ያህል ሰው እጅ ላይ ነው። ደህና በሆነ ጊዜ ይሄ ተራ ነገር ነው። ገዢው በድንገት «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ገጥሞኛል» የሚለውን የውል አንቀጽ ሲጠቅስ ግን፣ ተቆርጦ ያላለቀው፣ አልቆ ያልተጫነው፣ ተጭኖ ባሕር ላይ ያለው ሁሉ የፋብሪካው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የበጋ ሸሚዝ ደግሞ በክረምት አይሸጥም፤ የሌላ ሰው ስም ታትሞበትም ለሌላ ገበያ አይወጣም። ባንግላዴሽ ውስጥ ብቻ በነዚያ ሳምንታት የተሰረዘውና የታገደው ትዕዛዝ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከጊዜ በኋላ ከፊሉን ለመክፈል የተስማሙ ገዢዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን ቅናሽ ጠይቀው ነው።

አስቡት፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ያለው ነው ለሁሉም ቀድሞ የሚከፍለው። ከሱ በታች ደግሞ ሠራተኛዋ አለች። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ትምህርት ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት የሐዋሳው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና በልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፎ ነበር። በዚህ ደመወዝ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የለም።

ወደ ፋብሪካው ውስጥ እንግባ። አንድ የስፌት መስመር 40 ማሽን አለው እንበል። ሱሪው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ አንዷ ዚፕ ትተክላለች፣ አንዷ ወገብ ትዘጋለች። ከ40ዎቹ 4ቱ ቢቀሩ ምርቱ በ10 በመቶ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም። ከቀሩት አንዷ ዚፕ የምትተክለው ከሆነች ከሷ በፊት ያለው ሁሉ ይከመራል፣ ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሱፐርቫይዘሩ ከሌላ ቦታ ሰው ያመጣል፤ የመጣችው ልጅ እጇ እስኪፈታ ድረስ የምትሰፋው ግማሹ ተመልሶ ይፈታል። መስመሩ የሚሄደው በዘገየችው ፍጥነት ነው። በዚህ ሥራ መቅረት የሚቀጣውም፣ ሳይቀሩ ለሚገኙ ተጨማሪ የሚከፈለውም ለዚህ ነው። ያ አሠራር በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ልብ በሉ፤ ትኩሳት ያላት ልጅ አበሏ እንዳይቀርባት ስትል ሳሏን ውጣ ትገባለች። «ከታመማችሁ አትምጡ» የሚለው ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ደግሞ «ታማችሁም ቢሆን ኑ» ይላል።

መራራቁም የራሱ ሒሳብ አለው። ማሽኖቹን አንድ እየዘለሉ ማስቀመጥ ማለት በአንድ ሼድ ውስጥ ግማሹን መስመር መንቀል ነው። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ወንበር ይጫን ሲባልም 60 ሰው የሚያመጣ አውቶቡስ 30 ያመጣል፤ ወይ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል ወይ ሌላ አውቶቡስ ይከራያል። የሼድ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የባንክ ወለዱ ግን በግማሽ አይከፈሉም። ሳሙናና ሙቀት መለኪያ ትልቅ ወጪ አልነበሩም፤ ጋዜጠኛው ሁሉ ፎቶ ያነሳው እነሱን ቢሆንም።

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከጎረቤቶቻችን በተለየ ኢትዮጵያ ሰዉን ቤት አልቆለፈችም፤ ፋብሪካዎች እንዲሠሩ ተፈቅዷል፤ ሠራተኛ ማሰናበት ግን ተከለከለ። ክልከላው በጎ ነበር፣ ሆኖም ሥራ የሌለው ፋብሪካ ያለ ገቢ ደመወዝ እንዲከፍል ማዘዝ የሚያዋጣው ለተወሰነ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው መላ የዓመት ፈቃድ ማስወጣት ሆነ። ከዚያ በከፊል ደመወዝ እረፍት መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ከ10 ተከታታይ ቀን ለማያንስ ጊዜ ሲቋረጥ የሥራ ውል ሊታገድ እንደሚችል ይፈቅዳል። ታግዶ የቆየ ውል ደግሞ ሠራተኛዋ ራሷ ትታው ስትሄድ ያለ ስንብት ደብዳቤ ያልቃል።

ሄዱ እንዴ? ሄዱ። በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች የፓርኩን ሴት ሠራተኞች በስልክ እየደወሉ ሲከታተሉ ነበር፤ ያገኙት ውጤት ሰፈር ውስጥ ከታየው ጋር ይገጥማል። ሥራ ያቆሙት ብዙዎቹ ከተማውን ለቀው ወደ ገጠር ተመልሰዋል፤ የምግብ እጥረትም በርክቷል። ዳቶ በተባለው የሐዋሳ ሰፈር አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። አንዷ ስትሄድ ኪራዩ ለቀሪዎቹ ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዷ ከሄደች ሁሉም ይሄዳሉ። አንድ የማውቃቸው አከራይ በዚያ ሰኔ ከ11 ክፍል 7ቱ ባዶ ሆኖባቸው፣ በየበሩ የተሰቀለውን ቁልፍ እያሳዩኝ «የቤት መሥሪያ ብድሬ ግን አልሄደ» ብለውኛል። ሐዋሳ በዚያው ሰኔ አዲስ የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆና ስትደሰት፣ የዳቶ አከራዮች ሌላ ሒሳብ ላይ ነበሩ። ባጃጁ፣ እንጀራ ሻጯ፣ የዕቁቡ ሰብሳቢ ሁሉም ተራ በተራ ነክቷቸዋል።

ለፋብሪካው ደግሞ የሄደው ሰው ብቻ አይደለም፤ እጁ የፈታ ሰው ነው የሄደው። ማሽን ተሸፍኖ ቢቀመጥ ሲገለጥ ይሠራል። 40 ሰው ተበትኖ ግን በአንድ ጥሪ አይሰበሰብም። ትዕዛዝ ሲመለስ አዲስ ምልምል፣ አዲስ ሥልጠና፣ አዲስ ጥራት የማጣት ወራት ይጀምራሉ። ይሄ ወጪ በየትኛውም የድጎማ ማመልከቻ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

በዚያው ከተማ ወረርሽኙ በሌላ መልክ የነካቸው ፋብሪካዎችም አሉ። ዱቄት ፋብሪካ ስንዴውን ካገኘ ገዢ አያጣም፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ ዳቦ አይቀንስም፣ እንዲያውም ያከማቻል። ቢራ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መጠጥ ቤቶችና ጭፈራ ቤቶች ሲዘጉ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ሠርግ ሲቀር ጠርሙሱ በየመጋዘኑ ተከማቸ። ሁለቱም አገር ውስጥ ሸጠው የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም ያው አዋጅ ነው የደረሳቸው። ስለዚህ «ወረርሽኝ ኢንዱስትሪን ጎዳ» የሚለው አነጋገር ብዙም አይነግረንም። ፋብሪካው ገመዱን ከየት ጋር እንዳሰረ ማየት ይሻላል፤ ጥሬ ዕቃው ከየት ነው፣ የሚበላው ማነው፣ የሚበላውስ ብቻውን ነው ወይስ ተሰብስቦ?

ጭምብሉም የሚነግረን ነገር አለው። ትዕዛዝ ያጡ ልብስ ፋብሪካዎች የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞሩ፤ የፓርኩም እንዲሁ። መስፊያ ማሽኑ ያው ነው፣ ሰፊዋም ያቺው ናት፣ ገዢው ደግሞ እዚሁ ነበር። ለጥቂት ወራት ደመወዝ ሆነ። ግን ጭምብል ከሱሪ ጋር ሲነጻጸር የደቂቃ ሥራ ነው፤ አንድ መስመር በሳምንት የሚያመርተው ከተማውን ያጥለቀልቃል። መተንፈሻ ሆነ እንጂ መኖሪያ አልሆነም።

የውጭ ባለሙያ ነገርም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 2012 ላይ ወደ 30 አገሮች በረራ አቋረጠ፤ የሚገባ መንገደኛም 14 ቀን በራሱ ወጪ ሆቴል ይቀመጥ ተባለ። አዲስ ማሽን ገዝቶ የሚተክልለት ሰው የሚጠብቅ ፋብሪካ ማሽኑን በሳጥኑ ውስጥ ይዞ ተቀመጠ። አየር መንገዱ በበኩሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን ወንበር እያነሳ ጭነት አመላልሶባቸዋል፤ ምነው ሌሎቻችንም እንዲህ በፈጠንን አሰኝቶኛል።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው የማገገሚያውን ዘመን ነው። ሱቆች ተከፍተው ትዕዛዝ ሲመለስ ኮንቴይነር ጠፋ። ኮንቴይነሮች ባዶ የሚፈለጉበት ቦታ ሳይሆን የተራገፉበት ቦታ ተከማችተው ቀርተዋል፤ ወደቦችም ሰው አንሷቸው ይንቀራፈፋሉ። ወረርሽኙ ሲጀምር በዓለም አማካይ 1,500 ዶላር አካባቢ የነበረው የባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ መስከረም 2014 ላይ ከ10,000 ዶላር አለፈ። አንድ ኮንቴይነር 20,000 ሱሪ ይይዛል ብንል፣ በአንድ ሱሪ ላይ የሚያርፈው የመርከብ ኪራይ ከ7 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 50 አደገ ማለት ነው። የስፌት ዋጋው ሁለት ዶላር የማይሞላ ከሆነ ይሄ ቀላል አይደለም፤ ጨርቁ ሲገባም ሱሪው ሲወጣም ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመካከሉ መጋቢት 2013 ላይ ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የስዌዝን ቦይ ለስድስት ቀን ዘግታ ተጋደመች። ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ዕቃ መንገዱ እሱ ነው። አዳማ ያሉት አምራቾች የባቡሩ መስመር በከተማቸው ማለፉና የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርባቸው መሆኑ ከሐዋሳዎቹ በላይ ያስችላቸዋል፤ ጅቡቲ ላይ መርከብ ከሌለ ግን ባቡሩም መንገድ ላይ ነው የሚያደርሳቸው።

መንግሥት ዝም አላለም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ ሥራ ቆሞባቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ለአራት ወር የሥራ ግብር እፎይታ ተሰጠ። ከጀርመን መንግሥት በተገኘ ገንዘብም የዓለም የሥራ ድርጅት የልብስ ሠራተኞችን ደመወዝ ደጉሟል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄኛውን ነው፤ ገንዘቡ የሠራተኛዋን ደመወዝ ነው የሚከተለው። ለባንክ የሚሰጥ ብር ግን ድሮም ብድር ወደሚያገኘው ያዘነብላል። ብድር ቢገኝም የውጭ ምንዛሬ አይገዛም፤ ብሩ በ2012 አጋማሽ በዶላር 32 አካባቢ ከነበረበት በአንድ ዓመት ወደ 39 ወርዷል፤ ከውጭ መለዋወጫና ቀለም ለሚያስገባ ፋብሪካ ይሄ ሌላ ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር ግን በኮሮና አላሳብብም። ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 2014 ላይ ከሐዋሳ መውጣቱን ያስታወቀው፣ አሜሪካም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አጎአ የተባለውን፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል ያነሳችው በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ነው። ወረርሽኙን በብድር ያለፉ ፋብሪካዎች ያን ብድር ሳይመልሱ ነው ሁለተኛው ዱላ ያረፈባቸው። ብዙ ሼዶች ዝም ያሉት ያኔ ነው።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ? ትንሽ። በልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ሹም የሆነ አንድ ወዳጄ ከ2012 በኋላ ሁለት ነገር መያዝ ጀምሯል። አንደኛው የሠራተኞች የስልክ ዝርዝር ነው፤ የልጅቷን ብቻ ሳይሆን የአገር ቤት ዘመዷንም ቁጥር ይዟል፣ ሲም ካርድ ይቀያየራልና። ሁለተኛው ውል ላይ የሚያስገባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ጨርቁ አንዴ ከተቆረጠ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ገዢው የጨርቁንና የስፌቱን ይከፍላል።

ስንቱ ፈረመ? ብዬ ጠየቅኩት። ከሦስት ገዢ ሁለቱ ፈርመዋል፤ አንደኛው ቅናሽ አስከፍሎ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሯን አንብቦ ሳምንት ቆየና ትዕዛዙን ሌላ አገር ወሰደው።